ሸሚዙ የስፖንሰር፣ ጭንቅላቱ የራስ፦ ለቤዝቦል ዳኛ የዕቃ መምረጫ መመሪያ

የእግር ኳስ ዳኛ ስፖንሰር ሲቀየርበት የሚቀየረው ማሊያው ነው። የፊፋ ዳኞች አዲዳስ ይለብሳሉ፣ የዩኤፋዎቹ ከ2019 ጀምሮ ማክሮን፤ ከጨርቅና ከአርማ ያለፈ ለውጥ ግን የለም። ቤዝቦል ላይ ነገሩ ይለያል። ከካቸሩ (የተወረወረውን ኳስ ከሚቀበለው ተጫዋች) ጀርባ፣ ኳስ በሚመታበት ቦታ የሚቆመው የፕሌት ዳኛ ከሸሚዙ ሥር የደረት መከላከያ፣ ከሱሪው ሥር የቅልጥም መከላከያ፣ ፊቱ ላይ የብረት ማስክ፣ እግሩ ላይ ብረት የገባበት ጫማ አድርጎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እዚህ ስፖርት ላይ «ዕቃውን ማን ሰጠህ?» የሚለው ጥያቄ መንጋጋና ጆሮ ድረስ ይዘልቃል።

ይህ መመሪያ ዳኝነት ለመጀመር ወይም ዕቃውን ለማደስ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። በተለይ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ቅዳሜና እሁድ የልጆችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታዎችን ለመምራት የሚመዘገቡ ወገኖች መጀመሪያ የሚደርሳቸው የዳኞች ማኅበራቸው ኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሱቅ ስም ይዞ ይመጣል። እዚያ ሱቅ ምን መግዛት ግዴታ እንደሆነና ምኑ እንዳልሆነ የሚነግር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። የእኛ አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን፦ የስፖንሰር ውሉ የሚገዛው የሚታየውን ጨርቅ ነው፤ ኳስ የሚያርፍበትን ዕቃ ለውሉ አሳልፎ መስጠት አያስፈልግም።

ውሎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው

የመጀመሪያው የማስታወቂያ ልጥፍ ነው። ከሁሉ የታወቀው የኤፍቲኤክስ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከዚህ የክሪፕቶ ኩባንያ ጋር በ2021 ተዋውሎ፣ ከዚያው ዓመት የሐምሌ የኦል ስታር (የምርጥ ተጫዋቾች) ጨዋታ ጀምሮ የኩባንያው ስም በዳኞቹ ዩኒፎርም ላይ ተለጠፈ። ኩባንያው በኅዳር 2022 ኪሳራ አወጀ፤ ልጥፉም ከዩኒፎርሙ ወረደ። ልብ ይበሉ፦ ውሉ ሲገባም ሲፈርስም የማንም ዳኛ ማስክ ወይም የደረት መከላከያ አልተቀየረም። የተነካው የሸሚዙ ፊት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከሜጀር ሊግ ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ዳኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚጠቀሙት እንደ ጋሻ በእጅ ተይዞ ከሸሚዝ ውጭ የሚቆም፣ በአየር የተነፋ ትልቅ መከላከያ ነበር። ከ1977 ጀምሮ አዲስ የሚገቡ ዳኞች ከሸሚዝ ሥር የሚለበሰውን እንዲጠቀሙ ተወሰነ፤ በአሮጌው የቀጠለው የመጨረሻው ዳኛ ጄሪ ኖይዴከር በ1985 ጡረታ ወጣ። ለውጡ ለማስታወቂያ ተብሎ የመጣ አይደለም። የዳኛው ደረት ለካሜራ ባዶ ሰሌዳ የሆነው ግን በዚያ ለውጥ ምክንያት ነው። በአየር በተነፋው ጋሻ ዘመን ቢሆን ልጥፉን ማን ያየው ነበር?

ሁለተኛው የአልባሳት አቅርቦት ውል ነው። በላይኛው ደረጃ ናይኪ በ2020 የሜጀር ሊግ የዩኒፎርም አቅራቢ እንደሆነው ማለት ነው። ወደ ታች ሲወርድ የክልል ወይም የአካባቢ የዳኞች ማኅበር ከአንድ ሱቅ ጋር ይስማማል፤ የሸሚዙ ቀለም፣ የእጅጌው ልጥፍ፣ የኮፍያው ጥልፍ ከዚያ ብቻ ይገዛል። ይህ አግባብ ያለው ነገር ነው። ሜዳ ላይ የሚቆሙ ሁለት ዳኞች አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ለብሰው ሲመጡ ጨዋታው ሳይጀመር አሠልጣኞች ዓይን ውስጥ ይገባሉ።

ሦስተኛው ብዙም የማይወራለት ነው፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው። አምራቹ ዕቃውን ለዳኛው በነጻ ወይም በከፍተኛ ቅናሽ ይሰጣል። የተፈረመ ወረቀት ላይኖር ይችላል፤ በሥልጠና ወይም በስብሰባ ላይ «ይኼን ሞክረው» ተብሎ ይሰጣል። ዳኛው የሚቀበለው ስለመረጠው ሳይሆን ስለተሰጠው ነው።

በነጻ የተሰጠው ማስክ

የሜጀር ሊግ ዳኛው ኤድዊን ሂኮክስ በ2005 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከፕሌት ጀርባ እየሠራ ሳለ፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ በዱላው ተገጭቶ የተመለሰ ኳስ ማስኩን መታው። ማስኩ የዊልሰን ምርት ሲሆን ከኩባንያው ተወካይ በነጻ የተሰጠው ነበር። የጉሮሮ መከላከያው አዲስ ንድፍ ነበረው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ፊት ያዘነብላል። በፍርድ ቤት የቀረበው የባለሙያ ምስክር እንዳስረዳው መከላከያው መሃል ላይ የሚወርድ ሽቦ ሊኖረውና ቀጥ ብሎ ሊቆም ይገባ ነበር። ይህ ስለጎደለው ኳሱ ተንሸራቶ እንደመሄድ ኃይሉ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ማስኩን ወደ መንጋጋው ገፋው። ዳኛው የጭንቅላት መናወጥ ደረሰበት፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለ የአጥንት መጋጠሚያም ተጎድቶ ከቀላል እስከ መካከለኛ የሆነ ዘላቂ የመስማት ችግር አስከተለበት። ጁሪው ለእሱ 750,000፣ ለባለቤቱ 25,000 ዶላር ካሳ ወሰነ፤ የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2013 ውሳኔውን አጸናው።

ጉዳዩን ያነሳነው አንድን አምራች ለማጥላላት አይደለም፤ ዊልሰን ዛሬም ጥሩ ጥሩ ዕቃ ይሠራል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የዘንበልታው ልክ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ሆኖም ዕቃው በነጻ እጅ ላይ ሲቀመጥ ጎኑን አዙሮ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መመዘኛዎች በተገዛውም በተሰጠውም ዕቃ ላይ እኩል ይሠራሉ።

መመዘኛዎቹ

አንደኛ፣ የሚመጣው ኳስ ምን ያህል ጉልበት አለው? የቤዝቦል ኳስ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። በሰዓት 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ሲመጣ 117 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። በ70 ማይል 71 ጁል ያህል ነው። ለ12 ዓመት ልጆች በተለመደው 55 ማይል ገደማ ደግሞ ወደ 44 ጁል ይወርዳል። ጉልበቱ ከፍጥነቱ ቀድሞ ስለሚቀንስ፣ የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመራ ዳኛ በቴሌቪዥን የሚያየውን ዕቃ በሙሉ መግዛት የለበትም። በሌላ በኩል 44 ጁልም ያልተሸፈነ የአንገት ሥር አጥንት (ኮላርቦን) ሊሰብር ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሰውነት ላይ እንዴት ይቀመጣል? ውድ ሆኖ የማይመጥን ዕቃ ከርካሽ ተስማሚ ዕቃ ያንሳል። ሦስተኛ፣ ውሉ ይነካዋል ወይ? ማለትም በግልጽ የሚታይና ቀለሙ ወይም አርማው የተወሰነ ነገር ነው? አራተኛ፣ የሚያረጀው ክፍል ለብቻው ይቀየራል ወይ? አምስተኛው ዋጋው ነው፤ እሱንም በአንድ ጊዜ ክፍያ ሳይሆን በጨዋታ ቁጥር አካፍሎ ማየት ይሻላል። 110 ዶላር የወጣበት ማስክ በሁለት ወቅት 80 ጨዋታ ካገለገለ በጨዋታ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም አይሞላም።

አምስቱ መንገዶች

በቴሌቪዥን የሚታየውን መግዛት፦ ለብዙ ጀማሪ የመጀመሪያው ፍላጎት ይህ ነው። አንድ ነገር አስተውለው ይመልከቱ፤ የሜጀር ሊግ አራቱ ዳኞች ሸሚዛቸው አንድ ነው፣ የፕሌት ዳኛው ማስክ ግን ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል። አንዱ ባህላዊውን ማስክ ከኮፍያ ጋር ያደርጋል፣ ሌላው የሆኪ በረኛ የሚመስለውን ሙሉ ቁር። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አልመረጡም፤ ስለዚህ «የሜጀር ሊግ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ለእርስዎ ምንም አይወስንልዎትም። ጥቅሙ ዕቃው ለከባድ ኳስ የተሠራና መለዋወጫ የሚገኝለት መሆኑ ነው። ጉዳቱ ከዋጋው ላይ የተወሰነውን ለአርማው መክፈልዎ ነው።

የማኅበሩን ጥቅል መግዛት፦ ማስክ፣ የደረት መከላከያ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ ሸሚዝ፣ ሱሪና ኮፍያ በአንድ ቦርሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ዶላር ባለው ዋጋ ይሸጣል። ለሸሚዙና ለሱሪው የሚያዋጣ ነው። የሚያንሰው የደረት መከላከያው ነው፤ ለጥቅል የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ስስ ስፖንጅ ሆኖ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህን የሌለው ነው። ጫማ ደግሞ አብሮ አይመጣም፤ ገዢው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ ላይ ነው። ጥቅሉን ሳይገዙ ልብሱን ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አብዛኛው ሱቅ ይፈቅዳል።

ቁራጭ በቁራጭ መግዛት፦ ልብሱ ከማኅበሩ ሱቅ፣ መከላከያው ከተለያየ አምራች። ጊዜ ይፈጃል፣ መለካት ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ግን ይህን ነው።

በነጻ የተሰጠውን መቀበል፦ ተቀበሉ፣ ግን ከላይ ባሉት መመዘኛዎች እንደሚገዙት አድርገው መርምሩ። ያላለፈውን ከፕሌት ጀርባ አያድርጉት።

ያገለገለ መግዛት፦ የቅልጥም መከላከያ፣ የኳስ ቦርሳ፣ ሱሪ፣ ጃኬት ያለ ስጋት ያገለገለ ይገዛል። የማስክ ብረት በጥንቃቄ። ሙሉ ቁር ግን አይግዙ፤ ቅርፊቱ ላይ ያለ ስንጥቅ ከቀለም ሥር ሊደበቅ ይችላል፣ የውስጡ ስፖንጅ ስንት ጊዜ እንደተመታም የሚነግርዎ የለም።

| መንገድ | ጥበቃ | አለካክ | የውሉ ተጽእኖ | የሚያስወጣው ዋጋ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| የቴሌቪዥኑ ዓይነት | በጣም ጥሩ | ምርጫ ሰፊ ነው | አነስተኛ | ከ800 ዶላር በላይ | ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ |
| የማኅበሩ ጥቅል | ልብሱ ጥሩ፣ ደረቱ ደካማ | ውስን | ሙሉ | 250–350 ዶላር፣ ጫማ ሳይጨምር | ለልጆች ጨዋታ |
| ቁራጭ በቁራጭ | እንደ ምርጫው፣ ጥሩ | ምርጥ | በልብስ ብቻ | 550–650 ዶላር ገደማ | ለአብዛኛው ሰው |
| በነጻ የተሰጠ | አይታወቅም፣ ይመርመር | የተሰጠው ነው | ያልተጻፈ ውለታ | 0 | ምርመራውን ካለፈ |
| ያገለገለ | እንደ ዕድሜው | ዕድል ነው | የለም | የአዲሱ ግማሽና ከዚያ በታች | ለቅልጥም፣ ለልብስ |

ማስክ፦ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ

ሦስት ዓይነት አለ። ውስጡ ባዶ ከሆነ የብረት ቱቦ የሚሠራው ማስክ ከነፓዱ (ፊት ላይ ከሚያርፈው ትራስ ጋር) 700 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋው ከ80 እስከ 150 ዶላር ነው። የቲታኒየሙ 500 ግራም አካባቢ ሲሆን 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል። ሙሉ ቁሩ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ ዋጋው ከ100 እስከ 300 ዶላር ይደርሳል። ሙሉ ቁር ወደ ሜጀር ሊግ የገባው በ1996 የቶሮንቶው ካቸር ቻርሊ ኦብራየን ከሆኪ ወስዶ ሲያደርገው ነው፤ ዳኞች ከእሱ በኋላ ተከተሉ።

ማስታወቂያው ሁልጊዜ የሚያጎላው ቀላልነትን ነው። ቀላል ማስክ ለአንገት ጥሩ ነው፤ በቀን ሁለት ጨዋታ የሚሠራ ሰው ማታ ላይ ልዩነቱን ያውቀዋል። ነገር ግን የማስኩ ክብደት ራሱ የኳሱን ግፊት ከሚቀበሉት ነገሮች አንዱ ነው። ክብደቱ ሲቀንስ ማስኩ በተመታ ጊዜ ይበልጥ ፈጥኖ ወደ ዳኛው ገጽ ይገፋል፤ የቀረውን ፓዱ መሸከም አለበት። ስለዚህ ቲታኒየም የገዛ ሰው ስስ ፓድ ከገጠመበት በውድ ዋጋ ጉዳት ገዛ ማለት ነው። በጀቱ ሁለቱን ካልቻለ የብረቱን ማስክ በወፍራም ፓድ ይግዙ።

ፓዱ ከብረቱ ቀድሞ ይሞታል። በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ወይም ላብ ጠጥቶ እንደ ደረቅ ቆዳ ከጠነከረ ጊዜው አልፏል። በብዛት የሚሠራ ዳኛ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይቀይረዋል። ለዚህ ነው ፓዱ ለብቻው የማይሸጥለትን ማስክ የማንመክረው፤ በነጻ የሚሰጡ ናሙናዎች አንዱ ችግር ይኸው ነው፣ ሞዴሉ ሲቀር መለዋወጫውም አብሮ ይቀራል።

ብረቱን ሲመረምሩ መጋጠሚያዎቹን በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ይዩ። ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር የተሰነጠቀበት ቦታ ሥሩ ብየዳው ተላቆ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጎረቤት ዘንጎችን በሁለት አውራ ጣት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይግፉ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ማስኩ ለጨዋታ አይሆንም። የጎበጠ ዘንግ በመዶሻ አይቃናም፤ ሲቃና ብየዳው ይደክማል።

አሁን ወደ ጉሮሮው እንምጣ። በማስክ ላይ የሚንጠለጠለው የጉሮሮ መከላከያ የመጣው በ1976 የዶጀርሱ ካቸር ስቲቭ የገር በተሰበረ ዱላ ስንጣሪ አንገቱ ላይ ከተመታ በኋላ ነው፤ የቡድኑ የጤና ባለሙያ ቢል ቡለር ነበር የሠራው። ዛሬ ብዙ ማስክ ዘንጉን ራሱን ወደ ታች አርዝሞ ይሠራል። መስታወት ፊት ይቁሙ፤ የደረት መከላከያውንም ማስኩንም ያድርጉ፤ እንደ ጨዋታው ጎንበስ ብለው አገጭዎን ቀጥ አድርገው ይያዙ። ከጎን የሚያይዎ ሰው ሁለት ነገር ይንገርዎ። አንደኛው በማስኩ ታችኛ ጫፍና በደረት መከላከያው አንገት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ከሁለት ጣት ከበለጠ ተንጠልጣይ መከላከያ ይጨመርበት። ሁለተኛው የዘንጉ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ፊት እንደ ማንኪያ ከወጣ ኳሱን ይይዘዋል እንጂ አያሳልፈውም። ሂኮክስን የጎዳው ያ ዘንበልታ ነው።

ማሰሪያው ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ማጥበቅ ነው። ማስኩ ጭንቅላትን ግራና ቀኝ ሲነቀንቁ መንሸራተት የለበትም፤ ከጎን በመዳፍ ሲገፋ ግን ትንሽ መዞር አለበት። ጥብቅ ብሎ የታሰረ ማስክ ከጎን የሚመጣን ምት በሙሉ ወደ አንገት ያስተላልፋል። ደግሞም ኳስ ወደ ላይ ሲነሳ በግራ እጅ በአንድ እንቅስቃሴ ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ፊት ሳብ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ኮፍያው አብሮ ከወጣ ወይ ማሰሪያው ጠብቋል ወይ ኮፍያው የፕሌት አይደለም። የፕሌት ኮፍያ ጥላው አጭር ሆኖ አራት የስፌት መስመር ያለው ነው፤ ስምንት መስመር ያለው ረጅሙ የቤዝ ዳኛ (ከፕሌቱ ርቆ በቤዞቹ አጠገብ የሚቆመው) ነው፤ ስድስቱ ለሁለቱም ያገለግላል። ማኅበሩ ኮፍያ ሲያዝ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ያዛል፤ ስድስቱን እንዲያመጡ ይጠይቁ።

ደረት፣ ቅልጥም፣ እግር

የደረት መከላከያ ሲመርጡ ከስፖንጁ በላይ ጠንካራ ሳህን ያለውን ይፈልጉ። ሳህኑ ምቱን ያሰፋዋል፣ ስፖንጁ ያበርደዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ከ90 እስከ 150 ዶላር ባለው ውስጥ ጥሩ ጥሩ አለ። የፕሌት ዳኛ በካቸሩና በባተሩ (ኳሱን በዱላ በሚመታው) መካከል ባለው ክፍተት ስለሚቆም አንደኛው ትከሻው ከካቸሩ ውጭ ይቀራል፤ የትከሻ ሽፋኑ እስከ ክንድ ጡንቻ የሚወርድ መሆን አለበት።

ውሉ ወደ ደረት መከላከያው በአንድ መንገድ ብቻ ይመጣል፤ ሸሚዙ ከላዩ ስለሚለበስ። ማኅበሩ በሚያዝበት ሱቅ የሸሚዝዎን ቁጥር መከላከያውን ለብሰው ይለኩ፤ አለዚያ ጎንበስ ሲሉ ሸሚዙ ከሱሪው ይወጣል። ብዙ ሰው ለፕሌት አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይገዛል። ሸሚዙ ጠበበ ብሎ የደረት መከላከያውን ወደ ስሱ መቀየር የምናየው ጥፋት ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጨርቅ የመከላከያውን ቦታ የሚወስደው።

ሌላው ጥፋት ማሰሪያው ነው። የትከሻው ማሰሪያ ሲላላ መከላከያው ወደ ሆድ ይንሸራተትና የአንገት ሥር አጥንቱን ይገልጠዋል። መጀመሪያ የትከሻውን አሳጥረው የአንገቱን ክብ ከአንገት ሥር ያስጠጉ፤ የወገቡን ከዚያ በኋላ ይሰሩ። ከጨዋታ በኋላ መኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አይተዉት፤ የበጋ ሙቀት ስፖንጁን ያደርቀዋል። ክፍት ቦታ ሰቅለው ያድርቁ።

ስለ ማረጋገጫ ማኅተም አንድ ቃል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ የካቸሮች የደረት መከላከያ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የኖክሴን (NOCSAE፣ ለስፖርት መከላከያ ዕቃ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት) ደረጃ ማሟላት አለበት። ደረጃው የወጣው ደረት በተመታ ጊዜ የልብ ምት ድንገት የሚቆምበትን አደጋ ለመቀነስ ነው። ግዴታው ለካቸሮች እንጂ ለዳኞች አይደለም። ቢሆንም 16 ዓመት ሞልቷቸው ዳኝነት ለሚጀምሩ ልጆች ወላጆች ማኅተሙ ያለውን እንዲፈልጉ እንመክራለን፤ አደጋው በወጣቶች ላይ ይበልጥ ይታያልና።

የቅልጥም መከላከያ ብዙ አያከራክርም። የካቸሩን አይግዙ፤ ክንፉ ሱሪ ውስጥ አይገባም። ከጉልበት መሃል እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ በሜትር ይለኩና በዚያ ቁጥር ይዘዙ። ሱሪው የፕሌት ሱሪ የሚባለው፣ እግሩ ሰፋ ያለው መሆን አለበት።

ጫማ ላይ ግን ቆም ይበሉ። በዱላው ተነክቶ ቀጥታ ወደ መሬት የሚወርድ ኳስ የሚያርፈው በጣት ላይ ሳይሆን በእግር ጀርባ ላይ ነው። የፕሌት ጫማ ከጣቱ ብረት ሌላ ከክሩ በላይ የሚያርፍ ጠንካራ ሳህን አለው። የግንባታ ሠራተኛ ጫማ ጣትን ብቻ ይከላከላል። እንደ ኒው ባላንስ ያሉ አምራቾች ለዳኞች ብለው የፕሌትና የቤዝ ጫማ ለየብቻ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከሩቅ ስለሚመሳሰሉ በስህተት የቤዙን የሚገዛ አለ። ከ100 እስከ 170 ዶላር ያስቡ። ማኅበሩ ጥቁር ብቻ ነው የሚለው ከሆነ የጎኑን ነጭ አርማ በጥቁር ቀለም መቀባት የተለመደ ነው።

የወንዶች የብልት መከላከያ ከ15 ዶላር አይበልጥም፤ ያለ እሱ ከፕሌት ጀርባ አይቆምም። ብሩሽ፣ የኳስ ቦርሳና የቁጥር መቁጠሪያ የትኛውም ዓይነት ይሠራል።

እንደ አቅምና እንደ ሥራው

150 ዶላር ብቻ ካለዎት የመጀመሪያውን ወቅት በቤዝ ይጀምሩ። ለቤዝ ዳኛ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ኮፍያ፣ መቁጠሪያና የሚመች ጥቁር ጫማ ይበቃል። ብዙ የልጆች ሊጎች ለፕሌት ዳኛ የሚያውሱት ዕቃ አላቸው፤ ከተዋሱ የብልት መከላከያና የማስክ ፓድ የራስዎን ይያዙ።

ከ300 እስከ 400 ዶላር ያለው፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆችን ብቻ የሚመራ ሰው የማኅበሩን ጥቅል ቢገዛ አይጸጸትም፤ ግን ሱቁ የማስኩን ፓድ በወፍራም እንዲቀይርለት ይጠይቅ፤ ጫማ ከጥቅሉ ውጭ ይያዝ። ለሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ የሚሄድ ሰው ወደ ቁራጭ በቁራጩ ይሂድ፦ ማስክ 110፣ ደረት 110፣ ቅልጥም 70፣ ጫማ 130፣ የብልት መከላከያ 15፣ ሁለት ሸሚዝ 70፣ ሱሪ 50፣ ኮፍያ 20፣ ጥቃቅኑ 30፤ ድምሩ 605 ዶላር ነው። መቆጠብ ካለብዎ ከቅልጥሙና ከሸሚዙ ይቆጥቡ።

ቀድሞ የጭንቅላት መናወጥ የደረሰበት ዳኛ ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላም ከላይና ከጎን የሚሸፍነውን ሙሉ ቁር ቢያስቀድም እንመርጣለን። የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ሙቀትና ክብደት። በሐምሌ ቀትር ላይ ሁለት ጨዋታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ በኢኒንጎች መካከል አውልቆ ውኃ መጠጣት ግድ ይሆናል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ማኅበርዎ ወይም አንድ አምራች ውል ካቀረበልዎ እነዚህን በጽሑፍ ያስመልሱ። ግዴታው ልብስ ብቻ ነው ወይስ ማስክና ጫማም ይጨምራል? ከሌላ አምራች የገዛሁትን መከላከያ አርማውን ሸፍኜ መጠቀም እችላለሁ? በወቅቱ መሃል ስፖንሰሩ ቢቀየር አዲሱን ሸሚዝ ማን ይከፍላል? በምት የተበላሸ ማስክ በስንት ቀን ይተካል፣ እስኪተካ በምን እሠራለሁ? ማስክን ግዴታ የሚያደርግ ውል ካጋጠመዎ አይፈርሙ፤ ቢያንስ ያ አንቀጽ እንዲወጣ ይጠይቁ።

የልጥፉን አያያዝም ይጠይቁ። በሙቀት የተጣበቀ ልጥፍ ሲነሳ በጥቁር ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥላ ይተዋል፤ ሸሚዙም ለሚቀጥለው ዓመት አይሆንም። በክር የተሰፋው በምላጭ ጫፍ ተፈትቶ፣ በእንፋሎት ተተኩሶ ይጸዳል። ስፖንሰሮች በሚቀያየሩበት ማኅበር ውስጥ ይህ በዓመት የሁለት ሸሚዝ ዋጋ ነው።

በመጨረሻ ስለ ግዢ ደረሰኝ። በአሜሪካ በጨዋታ የሚከፈላቸው ዳኞች አብዛኞቹ እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠሩ ለሥራው የገዙት መከላከያና ዩኒፎርም ከገቢያቸው ላይ እንደ ወጪ ሊቀነስ ይችላል። በተቃራኒው ምርት ለማስተዋወቅ በልዋጭ የተሰጠ ዕቃ እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የገዙትን ደረሰኝ፣ የተሰጠዎትንም ዕቃ ዝርዝር፣ ቀንና የገበያ ዋጋ በአንድ ፖስታ ያኑሩና ታክስ ለሚሠራልዎ ሰው ያስረክቡ።